አሥር ዶሮ፣ መቶ ሃያ እንቁላል

በአምበር ዙሪያ ዶሮ ያላት ሴት ሁሉ አይናዲስን ታውቃታለች። የቁይ ልጅ ናት። ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምራ፣ የእንስሳት ባለሙያ ተብላ እዚህ ከተመደበች ሰባት ዓመት ሆናት። አግብታ ፈታለች፤ አልወለደችም። ስለዚህ ነገር የሚጠይቃት ሰው ሲመጣ ስለ ዶሮ ታወራለታለች፣ እስኪሰለቸው ድረስ። ሰው ቤት ስትገባ በወጉ ሰላም ትላለች፤ ዓይኗ ግን ከሰላምታው ቀድሞ ወደ ጓዳው ጥግ ይሄዳል፣ የታቀፈች ዶሮ ካለች ብሎ።

ሰባቱን ዓመት ያደከማት ነገር አንድ ነው። ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ሃያ አንድ ቀን መቀመጥ አለባት። ርቧት ተነስታ ስትቆይ እንቁላሉ ይቀዘቅዛል። የአገሩ ሴት ዶሮዋን የምታስታቅፈው አፉ በተሸረፈ ገንቦ ውስጥ ጭድ ጎዝጉዛ ነው፤ እህሉም ውኃውም ከዶሮዋ ሩቅ ነው። አይናዲስ ከእማሆይ ወለተ ኪዳን ጋር ሆና ሌላ ነገር አሰበች። እማሆይ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ የደፉ፣ ጭቃ እንደ ሊጥ የሚታዘዝላቸው አሮጊት ናቸው። ጭቃና ጭድ አቡክተው ከግድግዳው ጋር የተያያዘ ክብ መታቀፊያ ሠሩ። ከጎኑ ሁለት ጎድጓዳ አወጡለት፣ አንዱን ለእህል፣ አንዱን ለውኃ። ዶሮዋ አንገቷን ዘርጋ አድርጋ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ተመልሳ ትቀመጣለች።

አምና በስምንት ዶሮ ሞከሩት፤ አራቱን በጭቃው፣ አራቱን በገንቦው። ውጤቱ አማረ። ማርቆስ ከተማ ቢሮ ያለው አንድ የዶሮ ፕሮጀክት ነገሩን ወደደና መታቀፊያውን ለሁለት መቶ ቤት ላዳርስ አለ። አይናዲስን በስብሰባ ላይ አቁመው አጨበጨቡላት፤ ሰርተፊኬትም ሰጧት። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጊዜ ሰፋ አድርገን እንየው ተባለ። ስለዚህ ዘንድሮ በሁዳዴ መግቢያ፣ እንቁላል የሚበላ ጠፍቶ በየቤቱ በሚጠራቀምበት ሳምንት፣ ሃያ ሴቶች ሃያ ዶሮ አስታቀፉ። አሥሩ በጭቃው፣ አሥሩ በገንቦው። ለእያንዳንዷ ዶሮ አሥራ ሁለት እንቁላል።

ጫጩቶቹ ወጡ፤ ተቆጠሩ፤ ቁጥሩ ማርቆስ ሄደ። በመጋቢት አጋማሽ አንድ ወረቀት መጣ። እንዲህ ይላል፦ ከጭቃው መታቀፊያ ከመቶ ሃያ እንቁላል ሰማንያ አራት ተፈልፍሏል። ከገንቦው ከመቶ ሃያ ዘጠና ስምንት ተፈልፍሏል። ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። አዲሱ መታቀፊያ ከነባሩ ያነሰ በመሆኑ ሥራው እንዲቋረጥ ሐሙስ በሚደረገው ስብሰባ ይወሰናል።

አይናዲስ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበበችው። መጀመሪያ ተናደደች፤ ቀጥሎ አፈረች፤ ሦስተኛው ላይ እንደገና ተናደደች። እነዚያን ዶሮዎች አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች። በጭቃው ከታቀፉት ከአሥሩ ስምንቱ እንቁላላቸውን ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር መንገድ ፈልፍለዋል። አሥር፣ አሥራ አንድ፣ አንዷ አሥራ ሁለቱንም። ሁለቱ ብቻ ናቸው ጥለው የሄዱት፣ የየብርጓል ዶሮና የወለተ ሥላሴ ዶሮ። ወረቀቱ ላይ ግን ዶሮ የሚል ቃል የለም። እንቁላል፣ እንቁላል፣ እንቁላል ብቻ ነው የሚለው።

ሰኞ በጠዋት በሚኒባስ ማርቆስ ገባች። ቁጥሩን የሠራው አምሳሉ የሚባል ልጅ እግር ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ ተምሮ ከወጣ ሦስት ዓመቱ። ስታገኘው ኮምፒውተሩ ፊት ሻይ እያማሰለ ነበር።

«እትዬ አይናዲስ! ወረቀቱ ደረሰሽ?»

«ደርሶኝማ ነው የመጣሁት። ምን አድርጌህ ነው አንተ?»

«እኔ ምን አልኩ? ቁጥሩ ነው ያለው።»

«ቁጥሩ አፍ የለውም። ያልከው አንተ ነህ።»

«ተቀመጪ እስቲ፣ ሻይ ልዘዝልሽ?»

«ገና ሦስት ሰዓት ነው፤ ጾመኛ ነኝ። ሻዩን ተወውና ይህን አስረዳኝ።»

አምሳሉ የራሱን ብርጭቆ ወደ ጎን ገፋ አደረገና ኮምፒውተሩን አዞረላት። «ይኸውልሽ። መቶ ሃያ እንቁላል በዚህ፣ መቶ ሃያ በዚያ። ሁለቱ መታቀፊያዎች እኩል ናቸው እንበል። እኩል ሆነው ሳለ ይህን የሚያህል ልዩነት እንዲሁ በአጋጣሚ የሚታየው ከመቶ አራት ጊዜ እንኳን አይሞላም። ከአምስት በታች ከሆነ ደግሞ በቃ፣ እኩል አይደሉም እንላለን። ሕጉ ነው።»

«መቶ ሃያውን እንቁላል ማን ነው የታቀፈው?»

«ዶሮዎቹ ናቸዋ።»

«ስንት ናቸው?»

«አሥር።»

«እንግዲህ! የየብርጓል ዶሮ በስድስተኛው ቀን ተነስታ ሄደች፤ ሄደች፤ አልተመለሰችም። አሥራ ሁለቱም በረደ። አንተ በዚህ አሥራ ሁለት ጊዜ ቀጣኸኝ። ዶሮዋ የተነሳችው ግን አንድ ጊዜ ነው።»

አምሳሉ ሳቀ። «እንቁላል እንቁላል ነው እትዬ። አንዱ ሲፈለፈል ሌላው ላይፈለፈል ይችላል።»

«አንድ ዶሮ ሥር ያለ እንቁላል የየራሱ ቤት የለውም! ስትቀመጥ አብሮ ይሞቃል፤ ስትነሳ አብሮ ይበርዳል። አንተ መቶ ሃያ ምስክር ሰማሁ ትላለህ። እኔ የማውቀው አሥር ምስክር ነው፣ አንዱ አሥራ ሁለት ጊዜ የተናገረ።»

ልጁ መሳቁን ተወ። ግን ሪፖርቱ ታትሟል፤ ኃላፊው ጋ ደርሷል፤ አሁን ምን ይደረጋል አለ። ደግሞም ሌላ ሥራ አለብኝ አለ። ደግሞም ከሰዓት ተመለሺ አለ። አይናዲስ አልተመለሰችም፤ አልሄደችማ። ኮሪደሩ ላይ ካለችው አግዳሚ ላይ ቁጭ አለች። የሚያልፍ ሁሉ «ማንን ፈልገሽ ነው?» ይላታል፤ እሷም «አሥር ዶሮ» ትላለች። ያበደች መስሏቸው ይሆናል። ሆዷ ባዶ ነው፤ ጉሮሮዋ ደርቋል። ሰባት ዓመት ስትለፋ ኖራ ዕጣዋ በአንድ ልጅ ኮምፒውተር መቆረጡ አንገበገባት።

ስምንት ሰዓት ላይ አምሳሉ ከምሳ ሲመለስ በብብቱ አንድ የተጨማደደ ደብተር ይዞ ነበር። ቤቱ ሄዶ የተማሪነት ደብተሩን አምጥቶ ኖሯል። ጆሮው ድረስ ቀልቷል።

«ሦስተኛ ዓመት ላይ ተምረነው ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ክላስተር ይባላል። ፈተና ላይ ስላልመጣ ረስቼዋለሁ።»

«ፈተናው ይኸው መጣ» አለችው።

አምሳሉ ወንበር አቀረበላት። እኔ የተጠቀምኩበት ስሌት የሚሠራው እያንዳንዱ እንቁላል ለብቻው የቆመ ሲሆን ነው አላት። በቡድን ሲሆኑ፣ እንደ ዶሮሽ ሥር፣ የአንዱ ዕድል ከሌላው ጋር የታሰረ ነው። ያን ጊዜ መታየት ያለበት ከዶሮ ዶሮ ያለው መለያየት ነው። ዶሮዎቹ በጣም ከተለያዩ፣ አሥር ዶሮ የሚነግረን ነገር መቶ ሃያ ለየብቻ የቆመ እንቁላል ከሚነግረን በጣም ያነሰ ነው። እየተናገረ ከእያንዳንዷ ዶሮ የወጣውን ጫጩት ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ መታ መታ አደረገ። አሥር ቁጥር በአንድ ወገን፣ አሥር ቁጥር በሌላው። ከጭቃው ወገን ሁለት ዜሮዎች ከሥር ጥቁር ብለው ተቀመጡ።

«ከመቶ ሠላሳ ስድስት» አለ በመጨረሻ።

«ምን ማለት ነው?»

«መታቀፊያዎቹ እኩል ቢሆኑም እንኳን ይህን የሚያህል ልዩነት ከመቶ ሠላሳ ስድስት ጊዜ በአጋጣሚ ይታያል። ስለዚህ የጭቃው ያነሰ ነው ማለት አንችልም።»

«ይበልጣል ማለትስ?»

«እሱንም አንችልም።»

«ታዲያ ምን ማለት ነው የምንችለው?»

«አናውቅም ማለት።»

አይናዲስ ለዚህ ነው የለፋሁት ልትል ነበር፤ ግን ይቋረጣል ከሚለው አላወቅንም የሚለው ይሻላል። አዲሱን ወረቀት አጣጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችና የመጨረሻውን ሚኒባስ ተሳፈረች።

ማክሰኞ እማሆይን ይዛ የየብርጓል ቤት ሄደች። ዶሮዋ ለምን እንደተነሳች ሐሙስ ቢጠይቋት የምትለው እንዲኖራት ነው። የብርጓል ደጃፍ ላይ ምስር ትለቅም ነበር።

«ዶሮዬን ከሰሻታል አሉ፣ እውነት ነው?» አለቻት ገና ሳትቀመጥ።

«ዶሮሽ ናት እኔን ያስከሰሰችኝ። ለምን ተነሳች የኔ እናት? እህል አላጣች፣ ውኃ አላጣች።»

የብርጓል ሳቋን ለማፈን ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። «ልንገርሽ አልንገርሽ እያልኩ ነው እንጂ… የካቲት አሥራ ስድስት የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ተራዬ ነበር። ቤቱ ሞላ። የንስሐ አባታችን ዘግየት ብለው መጡ። ያ ጭቃሽ ከግድግዳው ጋር ተያይዞ የለ? መደብ መሰላቸው።»

«እና?»

«እና ተቀመጡበታ!»

እማሆይ «በስመ አብ» አሉና አማተቡ። ቀጥለው ግን ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሳቅ ነው።

«እሷ ጮኸች፣ እሳቸው ጮኹ» አለች የብርጓል። «ወደ ደጅ ወጣች፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ጭቃው ዞር ብላም አላየች። እሳቸውም አሁን የሚቀመጡት ዳብሰው ነው። የሚያናድደኝ ምኑ መሰለሽ፣ ድሮ ማኅበር ሲደርስ ገንቦውን ከነዶሮዋ አቅፌ ለጎረቤት አደርሳት ነበር። ሁላችንም የምናደርገው ይኸንኑ ነው። አሁን ግን ምን ላድርግ? ግድግዳውን ነቅዬ ልሂድ?»

አይናዲስ አልሳቀችም። «የወለተ ሥላሴ ቤትስ?»

«ተዝካር ነበረባት። ያው ነው።»

«የኔአለም ደግሞ? እሷ በገንቦ ነበር ያስታቀፈችው።»

«እሷም ማኅበር ነበረባት። ዶሮዋን ከነገንቦው እኔ ጋ አመጣቻት፤ ሁለት ቀን አቆየሁላት። አሥር ጫጩት አወጣች አይደል?»

አይናዲስ ደብተሯን ዘጋች። በጥያቄዋ ራሷን ነው የመታችው። ስሌቱ ተሳስቷል፤ እሷም ትክክል ነበረች። ግን መታቀፊያው በእርግጥም ጉድለት ኖሮታል። ሰባት ዓመት በየቤቱ ስትዞር ሴቶቹ ማኅበር ሲደርስ ገንቦ ተሸክመው እንደሚወጡ አንድ ቀን አልጠየቀችም። እነሱም አልነገሯትም፤ ማንም የሚያውቀው ነገር ነዋ።

ወደ ቤት ሲመለሱ እማሆይ በመንገድ ጠየቋት። ተንኮል የላቸውም፤ የገባቸውን ነገር ማጣራት ይወዳሉ።

«ልጄ፣ እንግዲህ አንዲት ዶሮ ስትጠፋ አንድ ብለን ነው የምንቆጥረው ካልሽ… አምና ሸለምጥማጥ የበላት የዜማ ዶሮስ?»

«እሷ ምን ሆነች?»

«በገንቦ አልነበረች? አሥራ ሁለት እንቁላል ቀዝቅዞባት። እሱን እንዴት አድርገሽ ቆጠርሽው ብዬ ነው።»

አይናዲስ መንገዱ ላይ ቆመች። አምና ከጭቃው ከአርባ ስምንት እንቁላል አርባ ሦስት፣ ከገንቦው ከአርባ ስምንት ሠላሳ ሁለት ነበር የተፈለፈለው። አምሳሉ በዚያ ጊዜ ይህ በአጋጣሚ የሚመጣው ከመቶ አንድ ጊዜም አይሞላም ብሎ ነበር፤ ያጨበጨቡላትም በዚያ ነው። የዜማ ዶሮ አሥራ ሁለት እንቁላል ግን ከገንቦው ውድቀት ጋር ተደምሯል። እሱን ብታወጣው ከገንቦው ከሠላሳ ስድስት ሠላሳ ሁለት ይሆናል። ማለት ከጭቃው እኩል፣ ፀጉር እንኳን አያስገባም። ሸለምጥማጥ አንዲት ዶሮ ስለ በላ ነው ሰርተፊኬት ያገኘችው።

«ያኔ ማንም አልጠየቀኝም» አለች።

«አዎ፣ እኔም ዛሬ ነው የገባኝ» አሉ እማሆይና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

የሰኞውን ስሌት ብቻ ይዛ ሐሙስ ብትሄድ ይበቃል። ዘንድሮ አላወቅንም፣ አምና ግን በጣም ጥሩ ነበር ይባላል፤ ሁለት መቶው ቤትም ያልፋል። የአምናውን የሚያነሳ ሰው የለም። ይህን እያሰበች ዋለች። ረቡዕ ጠዋት አምሳሉ ጋ ደወለች።

«የአምናውንም በዶሮ ቁጠረው።»

«እትዬ፣ ማን ጠየቀሽ? ተይው በማርያም። እንደምንም ሐሙስን እንለፍ።»

«የዘንድሮውን በዶሮ ቆጥሬ የአምናውን በእንቁላል ከተውኩት ምኔ ነው ቁጥር? ሲጎዳኝ ዶሮ፣ ሲጠቅመኝ እንቁላል?»

«ሁለት መቶውን ታጪዋለሽ እኮ።»

«ቁጠረው ብያለሁ!»

ኔትወርኩ ተቋረጠ። ከቀትር በኋላ መልእክት ደረሳት፤ ከመቶ ሠላሳ ስምንት ይላል፣ ሌላ ቃል የለበትም።

ሐሙስ የፕሮጀክቱ ኃላፊ አቶ መሳፍንት የዘንድሮውንና የአምናውን አዲስ ስሌት ጎን ለጎን አድርገው አነበቡ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉ፤ እንደገና አደረጉ።

«አምና በጣም ጥሩ ነው አላችሁኝ። ባለፈው ሳምንት መጥፎ ነው አላችሁኝ። ዛሬ ደግሞ ሁለቱንም አናውቅም?»

«አዎ» አለች አይናዲስ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ!»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ያየነው ሃያ ስምንት ዶሮ ነው፣ አቶ መሳፍንት። እኛ ግን የሦስት መቶ ሠላሳ ስድስት እንቁላል ወሬ አወራንልዎት።»

«እኔ ለበላይ ምን ብዬ ልጻፍ? አላወቅንም ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል?»

አይናዲስ ስለ ማኅበሩና ስለ ጎረቤቱ፣ ስለሚነሳው ገንቦና ስለማይነሳው ጭቃ ተናገረች። ቄሱ የተቀመጡበት ላይ ስትደርስ ሁለት ሰው ሳቀ፤ አቶ መሳፍንት አልሳቁም። አምሳሉ ተነስቶ፣ በእያንዳንዱ ወገን ቢያንስ ሠላሳ ዶሮ ቢኖር የተሻለ ነገር ማለት ይቻላል፣ በአንዷ ሥር እንቁላል መጨመር ግን ብዙም አይረዳም አለ። የመጀመሪያውን ስሌት የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ስህተቱም የእኔ ነው ብሎ ተቀመጠ። ይህን አይናዲስ አልጠበቀችም ነበር።

ውሳኔው አጭር ነው። ሁለት መቶው ቤት ቀርቷል። መታቀፊያው አልተከለከለም። ስልሳ ዶሮ ይፈለግ፤ ሠላሳው በጭቃው፣ ሠላሳው በገንቦው፤ እስከ ሰኔ መጨረሻ ይጠናቀቅ። መኪና የለም፤ ረዳት የለም።

«አጣሽው» አላት አምሳሉ በር ላይ። «ዝም ብትዪ ኖሮ…»

«ዝም ብል ኖሮ ሁለት መቶ ሴት፣ ቄስ የሚቀመጥበት መታቀፊያ ትሠራ ነበር።»

እሱ ሳቀ። እሷን ግን እንባ እንባ አላት።

እማሆይ ነገሩን ሲሰሙ አልተቆጡም፤ አላጽናኗትምም። ጭቃውን ሳንቃ ላይ ሠሩት፤ ግራና ቀኝ ጆሮ አወጡለት፣ አንስተው እንዲሸከሙት። የመጀመሪያው ሲነሳ ተሰነጠቀ። ሁለተኛው ለሁለት ተገመሰ። ሦስተኛው ጭድ ተጨምሮበት ያዘ፤ ግን ከበደ። የሚነሳ ከሆነ ይበቃል ተባለ።

ቀሪው ሥራ ዶሮ መፈለግ ነው። ስልሳ ዶሮ ደግሞ በቀጠሮ አይታቀፍም። አንዷ ገና እየጣለች ነው፤ አንዷ ጫጩት ይዛለች፤ አንዷን ለፋሲካ አስበዋታል። «አይኔ፣ ታቀፊ ብዬ ልግረፋት?» ትላታለች አንዷ። «አምና የጭቃው ነው የተሻለው ብለሽ አልነበር? እንዴት ነው ነገሩ?» ትላታለች ሌላዋ፤ ይህኛው ከሁሉ የከፋው ነው፤ በየቤቱ ከመጀመሪያው ጀምራ ማስረዳት አለባት። ደብተሯ ላይ ስልሳ መስመር አስምራለች፤ ለአንድ ዶሮ አንድ መስመር። በሳምንት አሥራ አንድ ሞላች።

ቅዳሜ የኔአለም ቤት አንዲት ቀይ ዶሮ ተቀምጣ አገኘች። አዲሱ መታቀፊያ በየቤቱ የሚደርሰው በዕጣ ነው፤ አይናዲስ ማንም ወደ ወደደው እንዳያደላ ብላ ብጣሽ ወረቀቶች ጠቅልላ በፌስታል ይዛለች።

«ምን ምን አለበት?» አለች የኔአለም።

«ግማሹ ጭቃ፣ ግማሹ ገንቦ።»

«እመቤቴ፣ ገንቦውን!» አለች የኔአለም ዓይኗን ጨፍና፣ እጇን ወደ ፌስታሉ ሰድዳ። አንዱን አወጣችና ለአይናዲስ ሰጠቻት። «ምን ይላል?»

አይናዲስ ወረቀቱን ፈታችው።

«ገንቦ» አለች።

የኔአለም እልል ስትል ዶሮዋ ደንግጣ አንገቷን ቀና አደረገች። አይናዲስ «ቀስ በይ፣ ታስነሻታለሽ!» ብላ ጮኸችባትና ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ ጻፈች፦ የኔአለም፣ ቀይ ዶሮ፣ ገንቦ።